የልከኛው ጅብ ሳል

ተረቴን ጆሮ ላለው እነግራለሁ፤ ሆድ ብቻ ያለውም ጠጋ ብሎ ቢሰማ ቅር አይለኝም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት አፍ አውጥተው በሚናገሩበት፣ ሸንጎ ተቀምጠውም በሚጨቃጨቁበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ ዱር ውስጥ አያ መንጋጌ የሚባል ጅብ ነበረ። መንጋጋው ሰፊ፣ ወገቡ ሸንቃጣ፣ ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ ስለነበረ ሜዳ ላይ ሲሄድ እንኳ ዳገት የሚወጣ ይመስላል። እውነተኛው ዳገት ሲመጣ ግን አያ መንጋጌ አይገኝም።

ምክንያቱ ሳሉ ነው። በጋው ከገባ ጀምሮ አንድ ነገር ደረቱ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። ሲተኛ ያፏጫል፣ ሲነሣ ያንኳኳል። ሲስቅ ደግሞ፣ ጅብ ሳይስቅ አይውልምና፣ ሣቁ ግማሽ መንገድ ላይ ሳል ይሆንበትና ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እናቱ ሻ ትባል ነበር። በዱሩ ውስጥ ከእሷ ስም ያጠረ ስም አልነበረም፤ ከእሷ ዕድሜ ያጠረ ዕድሜም ብዙ አልነበረም።

ሚስቱ ወይዘሮ ሽንጤ ምርር ብሏታል። "አንተ ሰውዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታፏጭ ልጆቹ እረኛ የመጣ እየመሰላቸው ይበረግጋሉ" አለችው። "ሂድና የሕመምተኛ ማር ጠይቅ።"

የሕመምተኛ ማር የዱሩ ትልቅ ወግ ነበር። ንቦቹ የሠሩት ማር በአሮጌው ሾላ ግንድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከታመመ በቀር ማንም አይቀምሰውም። የታመመውን የምትለየው እማማ ኤሊ ነበረች። ጭንቅላቷን ከድንጋይ ቤቷ ታወጣና የመጣው እንስሳ ደረት ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። እያዳመጠች እንቅልፍ የሚወስዳት ጊዜ ነበር። ስትነቃ ግን በሽታውን ታውቀዋለች፤ "ማር ስጡት" ወይም "ሂድ፣ ስንፍና ነው" ትላለች፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

በዚያ ዓመት ግን ሐኪም ገመሬ ከከተማ ተመለሰ።

ገመሬ ሐኪም የተባለው በራሱ አፍ ነው። ገመሬ ዝንጀሮ ነው፤ ደረቱ ላይ ፀጉር የተከመረ፣ ሲቀመጥ ዙፋን ላይ ያለ የሚመስል። ከተማ በከረመበት ጊዜ አንድ ቀን ሙዝ ሊሰርቅ የጤና ጣቢያ መስኮት ላይ ወጣ። ከውስጥ ሰዎች ተራ በተራ ሚዛን ላይ ሲቆሙ፣ ከዚያም ግድግዳ ተደግፈው ቁመታቸው ሲለካ አየ። ነጭ የለበሰችው ሴትዮ አንዱን "ወፍረሃል"፣ ሌላውን "ከስተሃል" ስትል ሰማ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የልከኛ አካል ሥዕልም ልብ ብሎ አየው። ሴትዮዋ ቀጥላ ደረት ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውርዳ "የት የት ላይ ያምሃል?" ብላ ስትጠይቅ ገመሬ እዚያ አልነበረም። ሙዙን ይዞ አጥር ዘሎ ነበር።

እንግዲህ ሙያውን ሁሉ ያመጣው ከዚያች መስኮት ነው። ሥዕሉ ደግሞ የሰው ሥዕል ነበር። ይህ ለምን ችግር እንደሚሆን ለገመሬ አልታየውም፤ ለሸንጎውም አልታየውም።

"ጌታዬ" አለ ገመሬ፣ የዱሩ ገዢ በሆነው በጌታ ጎፈር ፊት ቆሞ። ጌታ ጎፈር አንበሳ ነው፤ አሁን አሁን ከማደን ይልቅ ማዛጋት የሚቀናው። "ከእንግዲህ ማንንም ማዳመጥ አያስፈልግም። እንስሳውን እንመዝነዋለን። ክብደቱን ለቁመቱ እናካፍላለን። የወጣውን ደግሞ እንደገና ለቁመቱ እናካፍላለን። በዚያን ጊዜ ጤናው ፍጥጥ ብሎ ይወጣል።"

"ሁለት ጊዜ ማካፈሉ ለምንድን ነው?" አለ ጌታ ጎፈር።

"አንድ ጊዜማ ማንም ያካፍላል፣ ጌታዬ።"

ይህ መልስ ሸንጎውን አስደሰተ። ጌታ ጎፈርን ከሁሉ በላይ የጣመው ግን "ማንንም ማዳመጥ አያስፈልግም" የሚለው ነበር። ከነገሠ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው እሱን ነው። እማማ ኤሊ "አገልግሎትሽን እናመሰግናለን" ተባለችና ከሾላው ሥር ተነሥታ ሄደች። ሄዳ እስክትጨርስ ሸንጎው ሌላ ሦስት ጉዳይ አይቶ ዘጋ።

በመለኪያው ቀን ዱሩ በሙሉ ወጣ። አንድ ግንድ በቋጥኝ ላይ ተጋድሟል፤ በአንዱ ጫፍ እንስሳው ይቆማል፣ በሌላው ጫፍ ድንጋይ ይከመራል። ቁመት የሚለካው በረጅም መቃ ነው። ገመሬ ያየውን የሰው ሥዕል በጣቱ አሸዋ ላይ ስሎታል፤ እንስሳው ሁሉ የሚመሳከረው ከዚያ ጋር ነው።

መጀመሪያ ወይዘሮ ቀጭኔ ቀረበች። መቃው አልደርስ ብሎ ሌላ መቃ ተቀጠለበት። ክብደቷ ለቁመቷ፣ እንደገናም ለቁመቷ ሲካፈል ከእሷ ምንም የቀረ ነገር አልነበረም። "በሞት አፋፍ ላይ ነች" አለ ገመሬ በሐዘን። ወይዘሮ ቀጭኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደኅና ነበረች፤ ይህን ስትሰማ ግን እዚያው ተጋደመች። የሕመምተኛ ማር በገንቦ ይሰጣት ተባለ።

ዘንዶው ተጋድሞ ሲለካ ቁመት ስላልነበረው በዱሩ ከታዩት ወፍራሞች ሁሉ የባሰ ወፍራም ሆነ። ተቆጥቶ በጅራቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ ከወይዘሮ ቀጭኔ የባሰ የከሳ ሆነ። ገመሬ ጥቂት አሰበና "ሁለት በሽታ አለበት" ብሎ አለፈው። እማማ ኤሊ ስትመጣ "ቤትሽን አውልቀሽ ውጪ" ተባለች። የጌታ ጎፈር ልክ ሲዛነፍ ስህተቱ የድንጋዩ መሆኑ ታወቀና ድንጋዩ ተወቅሶ ተቀየረ።

ከዚያ እትዬ ድንቡሽ መጣች። እትዬ ድንቡሽ ጉማሬ ነች፤ ሣቋ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የሚቀረው። ግንዱ ላይ አንድ እግሯን ስታሳርፍ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

"ይሄ ሳይካፈልም ያስታውቃል" አለ ገመሬ። "እትዬ፣ ታመሻል።"

"ምኔን?"

"ሁለመናሽን።"

"ትናንት እኮ ከወንዙ እስከ ጨው መላሻው ሮጬ ተመልሻለሁ።"

"ያቅበጠብጥሻል ማለት ነው። የበሽታው ጠባይ ነው።" ከዚያ ፈረደባት፤ ማር እንዳትቀምስ፣ ሣር ማታ ማታ እንዳትበላ፣ እግሯንም እንድታፍታታ በየቀኑ ረጅም መንገድ እንድትሄድ። እትዬ ድንቡሽ ሆዷን ይዛ እየሣቀች ወረደች።

አያ መንጋጌ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። የመጣው አንድ ነገር ፈልጎ ነው፤ ማር። ሐኪሙ አይቶት "ታመሃል" እንዲለው ሌሊቱን ሙሉ ሲለማመድ አድሯል፤ ዓይኑን ማስለምለም፣ ጆሮውን መጣል። አዲሱ ግንድ ላይ ሲወጣ ግን ግንዱ ተወዛወዘ። የዱሩ ዓይን በሙሉ እሱ ላይ ነው፤ ጌታ ጎፈርም ማዛጋቱን ትቶ ያየዋል። መንጋጌ ደነገጠ። ሲደነግጥ የማጅራቱ ፀጉር ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። መቃው ቁመቱን የለካው ከቆመው ፀጉሩ ጫፍ ነበር።

ገመሬ አካፈለ፣ እንደገና አካፈለ፣ አሸዋው ላይ ያለውን ሥዕል አየ። ዓይኑን አሻሸና ድጋሚ አየ።

"ልከኛ" አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። "ከላይ አንዲት ጠጠር ሳይተርፍ፣ ከታች አንዲት ጠጠር ሳይጎድል። ጌታዬ፣ ጤና የሚባለውን ነገር ማየት ከፈለጉ ይኸው ቆሞልዎታል።"

ዱሩ በጩኸት ተናወጠ። በዚህ መሀል ሳሉ ከመንጋጌ ደረት ተነሥቶ ጉሮሮው ደረሰ። በዕድሜው ሙሉ ማንም ሲያየው እልል ብሎ አያውቅም፤ ሲያዩት ልጅ ይደብቃሉ፣ ሥጋ ይደብቃሉ። አሁን ቢስል ይህ ሁሉ ያበቃል። እናም አያ መንጋጌ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳሉን ዋጠው።

ቤቱ ሲደርስ ወይዘሮ ሽንጤ በር ላይ ጠበቀችው። "ማሩስ?"

"ማር ለሕመምተኛ ነው" አለ ደረቱን ነፍቶ። "እኔ ጤነኛ ነኝ። በሸንጎ ተረጋግጧል።"

"ደረትህ ሸንጎው ላይ አልነበረም እንዴ?" አለችው። መንጋጌ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉድ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ዱሩ በሙሉ እንደ ጅብ መሄድ ጀመረ። ሚዳቋዎች ዳሌያቸውን ዝቅ አድርገው ሲጎተቱ ዋሉ። ከርከሮዎች ፀጉራቸው እንዲቆም እርስ በእርስ ከቁጥቋጦ ውስጥ እየወጡ ይደነጋገጡ ጀመር። አሳማ አባት ልጁን "እስቲ ከአያ መንጋጌ ተማር" እያለ ይገሥጻል። አያ መንጋጌም ረፋድ ላይ ወጣ ብሎ በመንደሩ ይንሸራሸራል፤ ሰላምታ ይቀበላል፣ ወገቡን ያስነካል፣ "ምስጢሩ አጥንት መቆርጠም ነው" እያለ ይመክራል። ሳሉ ሲመጣበት ቁጥቋጦ ኋላ ይገባና አፉን በቅጠል ይዞ ሲነቃነቅ ቆይቶ ይወጣል። "እግሬን እያፍታታሁ ነበር" ይላል። ይህን የሰሙት ደግሞ ቁጥቋጦ ኋላ ገብተው መነቃነቅ ጀመሩ።

ደስ አለው፤ አልዋሽም። ግን ማታ ማታ ፉጨቱ ብሶበት ነበር፤ ልጆቹም አሁን መበርገጉን ትተው ዝም ብለው ያዳምጡት ጀመር። ይህ ከመበርገጋቸው ይልቅ አስፈራው።

በጋው ጠና፤ ወንዙም ቀጠነ። በዚያ ዱር ወንዙ ሲቀጥን ውሃ ቃኚ ይላካል። ውሃ ቃኚው ከኮረብታው ባሻገር ሄዶ የማዶው ሐይቅ ውሃ መያዝ አለመያዙን አይቶ ይመለሳል፤ ዱሩ በሙሉ ወዴት እንደሚሰደድ የሚወሰነው በእሱ ቃል ነው። ዘግይቶ ከመጣ ግልገል የሚተርፍላት እናት የለችም። ቃኚው የሚመረጠውም በኩይሳው ነበር። እጩዎቹ ከወንዙ ዳር ተነሥተው ከፍ ወዳለው ኩይሳ እየሮጡ ይወጣሉ፤ ጫፉ ላይ ቆሞ የእናቱን ስም ሳያለከልክ በአንድ ትንፋሽ የተናገረ እሱ ይሄዳል። እትዬ ድንቡሽ ለብዙ ዓመት የሄደችው እንዲህ ተመርጣ ነው። የእናቷ ስም ደግሞ ረጅም ነበር።

"ስንለካ ከርመን ለምን እናሮጣቸዋለን?" አለ ገመሬ በሸንጎ። "ልከኛው ቆሞልን የለ እንዴ?"

ሁሉም ወደ መንጋጌ ዞሩ። የመንጋጌ ፀጉር ቆመ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይበልጥ አማረባቸው።

ከሸንጎው በኋላ መንጋጌ ገመሬን ሾላው ሥር ብቻውን አገኘው። የማሩ ጠባቂ ገመሬ ስለነበረ ጣቶቹ ሁልጊዜ ይጣበቃሉ።

"ሐኪም" አለው ቀስ ብሎ፣ "እውነቱን ልንገርህ፤ ደረቴ ያፏጫል። ትንሽ ማር ብትሰጠኝና ሌላ ሰው ብትልክ።"

"ልከኛ አያፏጭም" አለ ገመሬ አውራ ጣቱን እየላሰ። "የሰማኸው ወፍ ይሆናል።"

"ወፉ ደረቴ ውስጥ ነው።"

"እንግዲያው በሽተኛው ወፉ ነው፤ አምጣውና ይለካ።"

በነጋታው አያ መንጋጌ በእልልታ ተሸኘ። ወይዘሮ ሽንጤ እልል አላለችም። ልጆቹን ሰብስባ ቆማ ብቻ አየችው።

ከዱሩ ወጥቶ ትንሽ እንደሄደ ከኋላው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሰማ። ዞር ሲል እትዬ ድንቡሽ ሣር በአፏ ይዛ ትመጣለች።

"ወዴት ነው እትዬ?"

"እኔማ በሽተኛ ነኝ" አለች፤ ሣቋ ሆዷን አወዛወዘው። "ረጅም መንገድ ሂጂ ተብዬ ታዝዣለሁ። ከዚህ መንገድ የረዘመ ደግሞ አላውቅም። ቅደም፣ አንተ ጤነኛው።"

ጤነኛው ቀደመ። ሜዳውን ደኅና ሄደ። መሬቱ ከፍ ማለት ሲጀምር ፉጨቱ ተነሣ፤ ከዚያ ማንኳኳቱ መጣ። በሽተኛዋ ከኋላው ስለ ወንዝ፣ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ አንድ ፈሪ አዞ እያወራች ትከተለዋለች፤ ወሬዋ አንዴም አልተቆራረጠም። መንጋጌ "እሺ" እያለ ሊመልስላት ፈለገ፤ "እ" ብሎ "ሺ" ለማለት አየር አጣ። ኮረብታው ወገብ ላይ አንድ ግራር ነበረ። እዚያ ሲደርስ እግሮቹ ከድተውት ግንዱ ሥር ተዘረጋ። ምላሱ ወጥቶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ አየሩን ጎትቶ ጎትቶ አልገባልህ አለው።

እትዬ ድንቡሽ መሣቋን ተወች። ትልቁን ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ እማማ ኤሊ ታደርገው እንደነበረው ማለት ነው። ቆየች።

"ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ከ... በጋው... ጀምሮ።"

"እንዲህ ሆነህ ነው እልል የተባለልህ?"

መንጋጌ ፊቱን ወደ ግራሩ አዞረ። አፈረ። ግንዱ ላይ ቆሞ ሳሉን የዋጠባት ደቂቃ ትዝ አለችውና ይበልጥ አፈረ።

"ጥላው ሥር ተኛ፤ አትነሣ" አለችው። "እኔ የታዘዘልኝን ጨርሼ እመጣለሁ።" ከዚያ ያ ሁሉ ሥጋ ኮረብታውን ዳገቱን በሩጫ ወጣው። መንጋጌ ተጋድሞ አያት፤ ከጫፉ ላይ ደርሳ ወደ ማዶ ስትሰወር አሁንም ለራሷ የምታወራ ይመስል ነበር።

ስትመለስ ጸሐይ አዘቅዝቃ፣ እሷም ረጥባ፣ ጭቃ ተቀብታ ነበር። "ሐይቁ ጢም ብሏል" አለች። "ገብቼበትም ነበር፤ ጠጥቼለታለሁም። ና ውጣ።" ጎንበስ አለችለትና ጀርባዋ ላይ ወጣ። ቁልቁለቱን ስትወርድ ትንፋሿን ከሥሩ ይሰማ ነበር፤ ቀስ ያለ፣ ያልተቸኮለ ትንፋሽ። በዚያ ጀርባ ላይ ሆኖ አያ መንጋጌ ቆረጠ። ዱሩ እንደገና ልጅ ይደብቅበት፣ ሥጋም ይደብቅበት፤ እውነቱን ይናገርና ማሩን ይጠይቃል። ልጆቹ ዝም ብለው ሲያዳምጡት ዳግመኛ ማየት አልፈለገም።

ዱሩ በሙሉ ወንዙ ዳር ወጥቶ ይጠብቅ ነበር።

"ውሃ አለ?" አለ ጌታ ጎፈር።

"አለ፣ ጌታዬ። ሐይቁ ሞልቷል። ያየችው ግን እትዬ ድንቡሽ ናት። እኔ ግራሩ ሥር ወድቄ ነበር፤ እዚህ የደረስኩትም በጀርባዋ ነው።"

ከዚያ ገመሬ እጁን አጨበጨበ። "ትሕትና" አለ። "ጌታዬ፣ ይህም የልከኛ ምልክት ነው። እኔ ከተማ ሳለሁ ልከኞቹ ሁሉ እንዲህ ትሑት ነበሩ።"

"ትሕትና አይደለም" አለች እትዬ ድንቡሽ፣ "እውነቱን ነው።"

"ሕመምተኛ ይቃዣል" አለ ገመሬ። ወዲያው እንደገና ትመዘን አለ። ሐይቁን ጠጥታ ስለመጣች ከበፊቱ ከብዳ ተገኘች። ገመሬ ራሱን ነቀነቀ። "ባሰባት። መንገዱ ጎድቷታል። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትሄድ።" ዱሩ አዘነላት፤ አንዳንዶቹም ከንፈር መጠጡላት።

የመንጋጌ ትዕግሥት አለቀ። "እሺ" አለ። "ኩይሳው ላይ ልውጣና የእናቴን ስም ልናገር። በድሮው ወግ ፈትኑኝ።"

ይህን ማንም ሊከለክለው አልቻለም። ወደ ኩይሳው ሄደ፤ እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ቆሞ አፉን ከፈተ። በዱሩ ካሉት ስሞች ሁሉ ያጠረውን ስም ሊናገር ነው። የወጣው ግን ሳል ነበር። እስከዚያ ቀን ዋጥ ያደረገው ሳል ሁሉ በሰልፍ ወጣ። ወፎች ከዛፍ ተነሡ። ሚዳቋዎቹ ዳሌያቸውን ቀጥ አድርገው ቆሙ። ከሩቅ እማማ ኤሊ ጭንቅላቷን አወጣች፤ ካለችበት ሆና ሰምታ በሽታውን አወቀችው። "ማ..." አለች፤ ቀስ ብላ ስለምትናገር "ር" እስክትል ግን ሸንጎው ወደ ሌላ ነገር አልፎ ነበር።

"ይህ ምን ማለት ነው?" አለ ጌታ ጎፈር ገመሬን።

ገመሬ ኩይሳውን ከላይ እስከ ታች አየው። መቃውን አስመጣ፤ ዙሪያውን ዞረ፤ አካፈለ፤ እንደገናም አካፈለ።

"ጌታዬ" አለ፣ "ጥፋቱ የኩይሳው ነው። ኩይሳው ከልክ በላይ ነው።"

ሸንጎው እፎይ አለ። ሁሉም ደስ አላቸው፤ በማንም መፍረድ አላስፈለገምና። ኩይሳው ይታረም ተባለ። ከርከሮዎች በአፍንጫቸው ቆፈሩት፤ ምስጦቹ ልጆቻቸውን ይዘው እየተራገሙ ተሰደዱ። ግማሹ ሲወርድ መንጋጌ እንደገና ውጣ ተባለ፤ ወጣ፤ ሳለ። እንደገና ቆፈሩት። ጉልበት ሲያክል ቀረ፤ አሁንም ሳለ። "ገና ወፍራም ነው" አለ ገመሬ። ከርከሮዎቹ እየዘፈኑ ቆፈሩ፤ ዝንጀሮዎች አፈሩን በእግራቸው በተኑት፤ ወይዘሮ ቀጭኔ እንኳ አፏ በማር እንደተለወሰ መጥታ ረገጠችው። በመጨረሻ ኩይሳው ከሜዳው እኩል ሆነ። መንጋጌን ሜዳው ላይ አቆሙት፤ ጥቂት እንዲያርፍም ፈቀዱለት።

ካረፈ በኋላ አፉን ከፈተ። "ሻ" አለ።

በአንድ ትንፋሽ ነበር። እልልታው እስከ ማዶው ሐይቅ ሳይሰማ አልቀረም። እትዬ ድንቡሽ ብቻ ወደ መሬት አየች፤ ወይዘሮ ሽንጤም ከልጆቿ ጋር ከሰልፉ ኋላ ቆማ ነበር።

"የፈለግኸውን ጠይቅ" አለ ጌታ ጎፈር ደስ ብሎት። "ዱሩ ይሸልምሃል።"

"ማር" አለ መንጋጌ። "ትንሽ ማር፣ ጌታዬ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ሁሉም ወደ ገመሬ ተመለከቱ። ገመሬ ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ።

"ይህማ አይሆንም" አለ በቅን ልቦና። "ማር ለሕመምተኛ ነው። ጤነኛ ማር ከበላ ሕግ ምን ሊረባን ነው?"

አያ መንጋጌ ሚስቱንና ልጆቹን ፈልጎ አያቸው። ከዚያ ሊስቅ ሞከረ፤ ሣቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አፈር በአፍ ባፍንጫቸው የሞላባቸው ከርከሮዎች አጠገቡ ቆመው ነበርና ወደ እነሱ ዞረ።

"እናቴም ሻ እንደኔ ሸንቃጣ ነበረች፤ ዕድሜዋም እንደ ስሟ አጭር ነበር" አላቸው። "በሉ፣ አፍንጫችሁን ገና እንዳትታጠቡ። ልኬ በእጃችሁ ነው፤ ጉድጓዴንም በዚያው ቆፍሩት።"